ተቆርቋሪ ወላጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሳትሰማው አረፈች። አብረውኝ ለሚያስተምሩት አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። እሳቸው ፊት ቀርቤ ሐሜቱን፣ መጠጡን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ለዝምታዬ ምክንያት አዘጋጅቻለሁ፤ «አባን እንዴት ላስረዳቸው?» እላለሁ። «ሌላስ ምን አደረግህ ልጄ?» ሲሉኝ «ኮመንት ጻፍኩ» ልበላቸው? ብሎግ ምን እንደሆነ፣ ኮመንት የት ላይ እንደሚጻፍ እስካስረዳቸው ድረስ ቅዳሴ ሊያልፍ ነው። እንዲህ እያልኩ በራሴ ላይ ስቀልድ ዓመታት ሄዱ። የምቀልደው ስለሚያስቀኝ አይደለም፤ ስለምፈራ ነው። ስም ደብቆ በሰው ልጅ ላይ ክፉ መናገር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። አባ ወዲያው ይረዱት ነበር። ያስፈራኝም እሱ ነው።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስሙኝ። አታጽናኑኝ፤ ስሙኝ ብቻ።

እኔ ደሴ ውስጥ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ይህ የሆነው በአንድ ለአምስት ዘመን ነው፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ገበሬው ሁሉ አምስት አምስት እየሆነ በተደራጀበት፣ ሥራ ከመሥራት ይልቅ የሥራውን ሪፖርት መጻፍ በሚበልጥበት ጊዜ። ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ነበረው። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው ላስቲክ ለብሰው ይቀመጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ላስቲኩ ይገፈፋል፣ ንጹሕ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ተመርጠው ይቀመጡባቸዋል፤ እንግዳው ሲሄድ ላስቲኩ ይመለሳል፣ በሩ ይቆለፋል። እኔ ታዲያ ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ኪቦርድ እስላለሁ። ተማሪዎቼ የሰሌዳውን ፊደል እያዩ ዴስካቸውን በጣታቸው ይጫናሉ። ያ ሁሉ ጣት እንጨቱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የሚኒ ሚዲያ ክበብም ኃላፊ ነበርኩ። ክበቡ ውስጥ ብሎግ አጻጻፍ፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር፣ ኢንተርኔትን በኃላፊነት መጠቀም የሚሉ ትምህርቶች እሰጥ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ወድጄ ነው። ያኔ ብሎግ የሚለው ቃል ለአንዳንድ ሰው ጆሮ ስለማይመች ፖለቲካ እንዳይነኩ አስጠነቅቃቸዋለሁ፤ ስለ ሰፈራችሁ ጻፉ፣ ስለ ገበያው ጻፉ እላቸዋለሁ። ከዚያ ሕጎቼን እነግራቸዋለሁ። ፊት ለፊት ቆማችሁ የማትናገሩትን ኢንተርኔት ላይ አትጻፉ። ስማችሁን የማትጽፉበትን ነገር አትጻፉ። መድረክ ላይ ስትጠየቁ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣ የምታውቁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ተናገሩ። ቀና ብላችሁ የሰው አይን እዩ። ጥሩ ሕጎች ነበሩ። ዛሬም አንድም የምለውጠው የለኝም። የጣስኳቸው እኔ ነኝ እንጂ ሕጎቹ ምን አደረጉ?

ዘሃራ ከሐርቡ የመጣች ልጅ ናት። ሐርቡ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሞቃት ከተማ ነው። እዚህ ደሴ ሆጤ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማር ነበር። አባቷ አቶ እንድሪስ ገበሬ ናቸው። ሊያስመዘግቧት የመጡ ቀን በሩ ላይ ያገኙት መምህር እኔ ሆንኩና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «መምህር፣ ይችን ልጅ አማና ብያለሁ» አሉኝ። ወሎ ውስጥ አማና የተባለ ሰው ምን አደራ እንደተሰጠው ማንም አያስረዳውም። «አብሽሩ» አልኳቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቋንቋው አንድ ነው።

ክበቡ ውስጥ ብሎግ የከፈትኩላቸው ልጆች ብዙ ነበሩ፤ መጻፍ የቀጠለችው ግን እሷ ብቻ ናት። ገጿን «ከሐርቡ» አለችው። እኔ ስለከፈትኩላት የይለፍ ቃሉን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ከእኛ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ደሴ የመጣች ሰሞን አክስቷ ለብርዱ ሹራብ ደርባ እንድትተኛ እንዳዘዘቻት፣ እሷም በልቧ «አክስቴ ታማለች» እንዳለች ጻፈች። አውቶቡስ ሐርቡ ሲቆም ፓፓያ የሚሸጡ ልጃገረዶች በመስኮት ስር እንደሚሮጡ፣ መልስ ሳይሰጡ አውቶቡሱ ቢነሳ ተሳፋሪው ሌባ ብሎ እንደሚሰድባቸው፣ እነሱ ግን መልሱን ይዘው ሌላ ቀን እንደሚጠብቁት ጻፈች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ መንገድ ስመላለስ ይህን አላየሁም ነበር።

መናገር ግን ያስፈራታል። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትን ነው የተማሩት፤ እሷም መሬት መሬቱን እያየች ታጉረመርማለች። «ቀና በይ» እላታለሁ። ቀና ትልና ወዲያው ትመለሳለች። አንድ ሙሉ መንፈቅ «ቀና በይ» ስላት ኖርኩ። አንድ ቀን ቀና ብላ አየችኝና እስክትጨርስ ድረስ አይኗን ከአይኔ ላይ አላነሳችም፤ ስትጨርስ ሁለታችንም ሳቅን። በሕይወቴ በሥራዬ ከተደሰትኩባቸው ቀኖች አንዱ ነው። ይህን የምናገረው ለምን ይመስላችኋል? እንድታዝኑልኝ አይደለም። ምን እንደሰበርኩ እንድታውቁ ነው።

ከዚያ የኮምቦልቻው ቀን መጣ። ከየትምህርት ቤቱ ምርጥ ተሞክሮ የሚቀርብበት ስብሰባ ነበር፤ የእኛም ክበብ ተመረጠ። የተመረጠው በሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱ በክበባችን ያሉ የአንድ ለአምስት ቡድኖች ሁሉ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በየሳምንቱ ብሎግ እንደሚጽፉ ይናገራል። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ «ትንሽ አድምቀው» አሉኝ፣ እኔም አደመቅኩት። ለዘሃራም ንግግሯን ጻፍኩላት፣ አስጠናኋት፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይዘን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዘሃራ ቀና ብላ ተናገረች። አንድ ቃል አልሳተችም፤ ጭብጨባው ገና ሳያልቅ እኔ በልቤ የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ እየሰቀልኩ ነበር። ከዚያ ከሌላ ከተማ የመጡ አንዲት መምህርት እጃቸውን አወጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ልጅቷን ወደዋት ነው የጠየቁት።

«የኔ ልጅ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣላችሁ?»

ዘሃራ ወደ እኔ አየች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩላት፤ ያስጠናሁሽን በያቸው ማለቴ ነበር። እሷ ግን ያስተማርኳትን ነው ያስታወሰችው።

«ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጠን አናውቅም» አለች በዚያ ጥርት ባለ ድምጿ። «ክፍሉ ይቆለፋል። ቲቸር ኪቦርዱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይስሉልናል፣ እኛ ዴስኩ ላይ በጣታችን እንለማመዳለን። እኔ ብሎጌን የምጽፈው ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ነው። ግን ቲቸር በጣም ጎበዝ ናቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ ያሳቃቸው ያች የመጨረሻዋ ናት፤ «ግን ቲቸር በጣም ጎበዝ ናቸው»። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝ። ዘሃራ ሰው ለምን እንደሳቀ አልገባትም፤ የወደዷት መስሏት እሷም ፈገግ አለች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐረጎን እየወጣን፣ ጉሙ መስኮቱን እየሸፈነው ሳለ፣ «ቲቸር፣ ቀና ብዬ አየሁ አይደል?» አለችኝ።

«አየሽ» አልኳት። ያኔ ብቆጣት፣ ብጮህባት ይሻል ነበር፤ ቁጣዬ እዚያው መንገድ ላይ ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን ዋጥኩትና ይዤው ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። የዚያን ጊዜ ግምገማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ራስህን ትከሳለህ፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርብሃል። ተነሳሁና ግለ ሂስ ወሰድኩ። ምን ብዬ? «ተማሪዋን በበቂ ሁኔታ አላዘጋጀኋትም» ብዬ። ራሴን ልከስ ቆሜ እሷን ከሰስኩ። ከዚያ ቁልፉን ኪሳቸው የያዙት ርዕሰ መምህር በሐሰት ሪፖርት ገመገሙኝ፣ «አድምቀው» ሲሉኝ የሰሙት ባልደረቦቼም አጎንብሰው እስክሪብቶ አሽከረከሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ጠመኔ ሆነ። ሻይ ቤት ስገባ «ጠመኔ መጣ» ይላሉ። መጀመሪያ አብሬያቸው ሳቅኩ፤ እነሱም ሳቄን አይተው ቀጠሉበት። ቆይቶ ሻይ ቤቱን ተውኩት። ከትምህርት ቤት ሆጤ ወደተከራየኋት ክፍል፣ ከክፍሌ ወደ ትምህርት ቤት። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ያለኝ ሥራዬ ነበር፤ እሱም መቀለጃ ሆነ። የምናገርበት ሰው አልነበረኝም። ብቸኝነት ግን ምክንያት ይሆናል? ስንቱ ብቸኛ ሰው አለ፤ ሁሉም የሰው ልጅ ላይ ይጽፋል?

እነሆ ደረስኩበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። የዘሃራን ገጽ ከፈትኩ። ስለ ኮምቦልቻው ቀን ጽፋ ነበር። እንዴት እንደፈራች፣ እኔ «ቀና በይ» ያልኳት እንዴት ትዝ እንዳላት፣ እኔ ባልኖር አፏን እንደማትከፍት ጽፋለች። የሚያመሰግን ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ግን አንድ ሰው «ኪቦርድ በጠመኔ! በሳቅ ሞትኩ» ብሎ አስተያየት ሰጥቶበታል። ምስጋናውን አንብቤ አለፍኩት፤ ሳቁ ላይ ቀረሁ።

እኔም ጻፍኩ። በገዛ እጄ ጻፍኩ። ቃሉ ይህ ነው፣ አንዱንም አልረሳሁትም፦

«ይህች ልጅ ጎበዝ ናት። ነገር ግን ቤተሰቦቿ ከትምህርት በኋላ የት እንደምታመሽ ያውቃሉ? ኢንተርኔት ቤት ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ጠይቀዋል? ለልጆቻችን እናስብ።»

ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ተቆርቋሪ ወላጅ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ፣ ልጅ የሌለኝ ሰው፣ ወላጅ ሆንኩ።

ከማን ጋር ነበር የምትቀመጠው? ከእኔ ጋር። ፎቶ እንዴት እንደሚጫን፣ ጽሑፍ እንዴት እንደሚታረም አጠገቧ ተቀምጬ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ክፍሉ ስለተቆለፈ ወደዚያ ሂጂ ያልኳትም እኔ ነኝ። ይህን እያወቅኩ ጻፍኩት። ውሸት አልጻፍኩም፣ ጥያቄ ብቻ ነው የጻፍኩት እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን እንዳባበልኩ! ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት ያላገባች ልጅ ላይ፣ በአደባባይ «ከማን ጋር ነው የምታመሸው?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄ ነው? አይደለም። አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር፤ ስለማውቅ ነው የመረጥኩት።

ታላቅ ወንድሟ ሰይድ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እህቱ ጸሐፊ ሆናለች ብሎ ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቹን ሰብስቦ በስልኩ ገጿን ሲያሳያቸው ያችን አስተያየት አብረው አነበቧት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ወሬው በዚያው ቀን ሐርቡ ወረደ።

ሰኞ ዘሃራ አይኗ አብጦ መጣች። «ቲቸር፣ አንድ ሰው ስሜን አጠፋው። ማን ይሆን?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። «አይዞሽ። ስሙን የደበቀ ሰው አይታመንም፤ ነግሬያችሁ የለም?»

ይህን አልኳት፤ ፊቷን እያየሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በይለፍ ቃሉ ገባሁና አስተያየቱን አጠፋሁት። ለእሷ ብዬ ነው? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለእሷ ብዬ ነው እል ነበር። አይደለም። አንድ አዋቂ ተፈልጎ ከየት ኮምፒውተር እንደተጻፈ ያገኘው እንደሆነ ብዬ ፈርቼ ነው። ያን ሳደርግ አንድ ነገር አልታየኝም። ገጹ የጠፋውን አስተያየት ቦታ ባዶ አይተወውም፤ የገጹ አስተዳዳሪ አጥፍቶታል የሚል መስመር ያስቀምጥበታል። ለተማሪዎቼ ሳስተምር ደግሞ ገጻችሁ ላይ የተጻፈውን ማጥፋት የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ አቶ እንድሪስ መጡ። ሰይድ ከጎናቸው፣ ዘሃራ ከኋላቸው። የተቆለፈው ኮምፒውተር ክፍል በር ላይ ነበር የቆምነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ እንዲያም ሆኖ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ሰይድ ስልኩን አወጣ፣ ሲያይ ግን ጽሑፉ የለም። ያችን መስመር አነበባትና ለአባቱ ተረጎመላቸው።

«አጥፍታዋለች» አለ። «ንጹሕ ብትሆን ለምን ታጠፋዋለች?»

«ወላሂ አላጠፋሁም» አለች ዘሃራ።

አቶ እንድሪስ ልጃቸውን አላዩም፣ እኔን አዩኝ። «መምህር፣ እኔ ይሄን ነገር አላውቅም። ልጄን አማና ያልኩት ለእርስዎ ነው። ከእሷ በቀር ይሄን የሚያጠፋ ሰው አለ ወይ? ሀቁን ይንገሩኝ። እርስዎ ያሉኝን እቀበላለሁ፤ ሌላ ሰው አልጠይቅም።»

ሁሉ ነገር እኔ አፍ ላይ ነበር። «አለ፤ እኔ ነኝ» ብል ልጅቷ ክፍሏ ትገባ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት እንኳ ሳያስፈልገኝ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግማሹ እውነት ይበቃት ነበር።

«ባለቤቷ ብቻ ናት» አልኩ።

ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ። እንዳስተማርኳት፣ አይኗን ከአይኔ ላይ ሳታነሳ አየችኝ። የይለፍ ቃሉን እኔም እንደማውቅ ታውቃለች፤ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ በዚያች ቅጽበት ገብቷታል። አንድ ቃል ብትናገር አባቷ ይሰሟት ነበር። ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን የተናገረች ልጅ፣ አባቷ ፊት መምህሯን ላለማዋረድ ዝም አለች። ከዚያ መሬት መሬቱን አየች።

«አላህ ይስጥልኝ መምህር፣ ሀቁን ነገሩኝ» አሉ አቶ እንድሪስ። እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተሰናበቱኝ፣ ልጃቸውንም ይዘው ወደ ሐርቡ ወረዱ። ዘሃራ አልተመለሰችም።

እኔ መምህር ሆኜ ቀጠልኩ። ክበቡ ፈረሰ፣ ሰዎቹ ጠመኔ የሚለውን ስም ረሱት፣ ርዕሰ መምህሩ ተዛወሩ፣ የኮምፒውተሩ ክፍልም ተከፈተ። አሁን ተማሪዎቼ እውነተኛ ኪቦርድ ይጫናሉ። እኔም በየዓመቱ ያን ትምህርት አስተምራለሁ፤ «ስማችሁን የማትጽፉበትን» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሬ የማይጠፋ ነገር አጠፋለሁ። ከሥራ በኋላ ክፍሌ ገብቼ የዘሃራን ገጽ እከፍታለሁ። ስለ ፓፓያዎቹ ያነበብኩትን መልሼ አነባለሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ የተጻፈ የለም። ማንም የማይገባበት ቤት ሆኗል፤ እኔ ብቻ እየገባሁ የምወጣበት።

ከዓመታት በኋላ ለፈተና ፈታኝ ሆኜ ከሚሴ ተመደብኩ። አውቶቡሱ ሐርቡ ቆመ። ሙቀቱ ስለበዛብኝ ውሃ ልገዛ ወረድኩና ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ሴትየዋ ሕፃን አቅፋለች።

«ቲቸር?» አለችኝ።

ወዲያው አወቅኳት። በርጩማ አወጣችልኝ፣ ውሃውን ሰጥታኝ ሂሳብ አልቀበልም አለች። አግብታለች፤ ባሏ ሹፌር ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና፣ «ቲቸር፣ ያን ነገር እርስዎ እንዳጠፉልኝ አውቄያለሁ» አለችኝ።

የውሃውን ጠርሙስ በርጩማው ሥር አስቀመጥኩት።

«ሌላ ሰው እንዳያየው ብለው ነው ያጠፉልኝ። አባቴ ሲጠይቅዎት ፈሩ። እኔም እፈራ ነበር፤ ሰው ይፈራል። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ ወላሂ ይቅር ብዬዎታለሁ። የጻፈውን ግን አላህ ያሳየኝ።»

ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? «አመሰግናለሁ» አልኩ። እኔ አመሰገንኩ!

«ያ ጽሑፌ አሁንም አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«የይለፍ ቃሉን ረሳሁት። እርስዎ ያስታውሱታል?»

ከስሜ በላይ አስታውሰዋለሁ። «እኔም ረሳሁት» አልኳት። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ ሮጬ ገባሁ። በመስኮት ስመለከት የሕፃኑን እጅ ይዛ ታውለበልብልኛለች።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ አንድ በደል ከመሰላችሁ አይደለም። በቁጣ ጻፍኩ፣ በፍርሃት አጠፋሁ፣ ፈርቼም ዋሸሁ፤ እነዚህን ሰው ሊረዳልኝ ይችል ይሆናል። ያች የሐርቡዋ «አመሰግናለሁ» ግን ከሁሉ ትከፋለች። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም አልሳቀብኝም። አንዲት ሴት ንጹሕ ልቧን ዘርግታ ሰጠችኝ፣ እኔም እንደሚገባኝ ሰው ተቀበልኩ።

እንግዲህ እናንተን እዚህ ላይ እተዋችኋለሁ፤ የቀረው ለእሷ ነው። ይህን ጽሑፍ የምለጥፈው የእኔ ገጽ ላይ አይደለም፤ ያች አስተያየት በነበረችበት ቦታ፣ «ከሐርቡ» ላይ ነው። ለወንድምሽ ለሰይድም እልክለታለሁ፤ ለአባትሽ ያንብብላቸው። የይለፍ ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ የይለፍ ቃል በአደባባይ አይጻፍም ብዬ አስተምሬሻለሁ። ሱቅሽ መጥቼ ለአንቺ ብቻ እነግርሻለሁ። በሩን ብትዘጊብኝም ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ ከደጃፍሽ ታገኚዋለሽ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። አንድ ጊዜ ሰጥተሽኝ ነበር፤ የሰጠሽው ግን ለፈራ ሰው ነው፣ ለጻፈው አይደለም። እኔ የሌላ ሰው ይቅርታ ይዤ ነው የኖርኩት። ዛሬ እመልስልሻለሁ። የጻፈውን አላህ ያሳየኝ ብለሽም ነበር።

ተቆርቋሪ ወላጅ እኔ ነኝ።

ጌታቸው ይመር፣ መምህርሽ የነበርኩት።